የወሎ ሴት በመገናኛ ብዙኃን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ወሎ ሴት በቴሌቪዥን ሲነሳ ሁለት ሥዕሎች ይደጋገማሉ፤ አንደኛዋ በዘፈን ክሊፕ ውስጥ እንስራ አዝላ ከምንጭ የምትመለሰው ቆንጆ ናት፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ልጇን ታቅፋ እርዳታ የምትጠብቀው እናት። ሁለቱንም እጅግ ብዙ ጊዜ አይተናቸዋል፤ ሲናገሩ የሰማናቸው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። እኔ በደሴ ያሳደጉኝን ሴቶች በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ። ስለዚህም ነገሩ ሲነሳ ዘወትር የሚሰጡኝን መልሶች በየተራ መመርመር ፈለግሁ።

«ቁንጅናዋ መወደሱ ክብሯ ነው፤ ምን ይከፋል?»

ውበትን ማድነቅ ነውር የለውም፤ የሚከፋው ከውበት በቀር ሌላ ነገር ሳይነገር ሲቀር ነው። ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የተጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ሲሆን፣ እነዚህን ቅኝቶች ለአገር ካሰሙት ድምፃውያን መካከል ማሪቱ ለገሰ በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። ማሪቱን ያስከበራት ድምፅዋና የቅኝት ዕውቀቷ ነው። በዚያው ቅኝት የሚሠሩ በርካታ ክሊፖች ግን ሴቷን ከዓይኗ፣ ከአንገቷና ከወገቧ በቀር አያውቋትም። ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ ወርዳ የቅቤውንና የእህሉን ዋጋ ተከራክራ የምትቆርጠው፣ ጥጥ ፈትላ ለሸማኔ የምታቀርበው፣ የቅሬን (የእድርን) ጉዳይ ከጎረቤቶቿ ጋር የምትመክረው ሴት በዚያ ሥዕል ውስጥ ቦታ የላትም። ጉዳቱ ከማያ ገጹ አልፎ ወደ ኑሮ ይገባል፤ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ወጥታ ሌላ ከተማ ሥራ የምትጀምር ልጅ አገሯን በተናገረች ቁጥር፣ ሙያዋ ሳይጠየቅ መልኳ ሲመዘን ትሰማለች።

«የረሀቡ ምስል እውነት ነበር፤ እውነትን ማሳየት ምን ጥፋት አለው?»

እውነት ነበር፤ መታየቱም ሕይወት አድኗል። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከወሎ ያቀረበው የቴሌቪዥን ዘገባ የተሸሸገውን ረሀብ ለዓለም ገለጠ፤ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ የዘገበውና መሐመድ አሚን የቀረፀው፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም የተላለፈው ዜና ታላቅ የእርዳታ ንቅናቄ ቀሰቀሰ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከታዩት እናቶች ስማቸው የተጠየቀው ስንቶቹ ናቸው? ልጆቿን ይዛ ስንት ቀን እንደ ተጓዘች፣ ምን ሸጣ ምን እንዳቆየች፣ ለማን ቀድማ እንዳጎረሰች የምታውቀው እሷ ሆና ሳለ፣ በእሷ ፊት ላይ የሌላ ሰው ትረካ ተነበበ። ምስሉ ከዘመኑ ተነቅሎ ዛሬም የወሎ መታወቂያ ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ፣ ያንን ክፉ ቀን አሳልፈው ልጅ ያሳደጉት እናቶች እስከ ዛሬ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ቆሙ ያስመስላል።

«የወሎ ሴት ከጥንትም ከአደባባይ የራቀች ናት፤ ጋዜጠኛው ያለውን ያሳያል።»

ታሪኩ ይህን አይልም። ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በወሎ ሥልጣን የተፎካከሩ ሴቶች ነበሩ፤ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ ተቀብለው ወደ ሸዋ ያሳለፏቸው ወይዘሮ ወርቂት ናቸው፤ ቴዎድሮስም በዚህ ተቆጥተው በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ ገደሉት። የአምባሰል ተወላጇ እቴጌ መነን አስፋውም በ1924 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አቋቁመዋል።

«ማስታወቂያ ለመሸጥ ነው፤ ቁም ነገር አይፈለግበትም።»

ሕጉ ይፈልግበታል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የፆታ እኩልነትን የሚጻረርና የሴቶችን ክብር የማይጠብቅ ማስታወቂያን ይከለክላል።

«ዛሬ ዜና አንባቢዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ችግሩ ተፈትቷል።»

ዜና ማንበብና በዜና ውስጥ መጠየቅ ይለያያሉ። በየአምስት ዓመቱ በብዙ አገሮች በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የመገናኛ ብዙኃን ክትትል ጥናት፣ በዜና ከሚታዩና ከሚደመጡ ሰዎች መካከል የሴቶች ድርሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. 17 በመቶ፣ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ 25 በመቶ ነበር፤ በሩብ ምዕተ ዓመት የተጨመረው 8 ነጥብ ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ ልዩነቱ በአጠራርም ይሰማል። ባለሥልጣኑ «አቶ» እና «እርስዎ» ሲባል፣ በዕድሜ የምትበልጠው የገጠር ሴት ያለ ስሟ «እማማ» ትባላለች፣ አለዚያም «አንቺ» ተብላ ትጠየቃለች፤ ታላቅን «አንቱ» ብሎ በሚያድግ ሕዝብ መካከል ይህ ጆሮ ይቆረቁራል። ስለ ሰብል በተሠራ ዘገባም ዘሩን መርጣ በጎታ ያኖረችው፣ ያረመችውና ያጨደችው ሴት ከበስተኋላ ቡና ስታፈላ ትቀረፃለች፤ ስለ ዘሩ የሚጠየቀው ባሏ ነው።