የጭቃ ቤት፦ አሠራሩና ታሪኩ

የጭቃ ቤት የሚባለው ከእንጨት ቋሚና ማገር ተዋቅሮ፣ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ተመርጎ የሚሠራ መኖሪያ ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገር በጣም የተለመደው ቤት ይኼው ነው። ባለቤቱ ከጎረቤቶቹ ጋር በደቦ ሊያቆመው ይችላል። ሲሚንቶ በሌለበት፣ ብረት በማይገባበት ብዙ ስፍራ ሰው በገዛ እጁ ጎጆ የቀለሰው በዚህ ጥበብ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ቋሚ በመትከል ነው። ጉድጓድ ይቆፈርና ቋሚዎቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። መሬት ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ምስጥ እንዳይበላው እሳት ያስነኩታል ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። ከዚያ ማገር በውስጥም በውጭም አግድም ይመታል። ድሮ የሚታሰረው በልጥ ነበር፤ አሁን በሚስማር ነው። ቀጥሎ ጣሪያው ይወጣል፣ ሣር ወይም ቆርቆሮ ይለብሳል። ጣሪያው ከምርጊቱ የሚቀድመው በምክንያት ነው። እርጥብ ጭቃ ዝናብ ካገኘው ታጥቦ ይወርዳልና።

ዋናው ጥበብ ያለው ጭቃው ላይ ነው። ቀይ አፈር ይመረጣል። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ክፉኛ ይሰነጠቃል። አፈሩ ውሃ እንዲጠጣ ይደረጋል፣ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል፣ በእግር ይረገጣል። ከዚያም ለቀናት ይተዋል። በየመሀሉ እየተገላበጠ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ብስብስ ብሎ ጭቃው ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። ያንን ሽታ በልጅነቱ ጭቃ የረገጠ ሰው አይረሳውም። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ነው፤ ደርቆ እስኪሰነጠቅ ይጠበቃል። ሁለተኛው ደቃቅ ጭድ ያለበት ሲሆን ስንጥቁን ይደፍናል። በላዩ እበት የሚለቀልቅ አለ፣ ኖራ የሚቀባም አለ።

የጭቃ ቤት አይበረክትም የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ቤቱን የሚጥለው ውሃ ነው። የጣሪያው ክፈፍ አጭር ከሆነ ዝናብ ግድግዳውን ይመታዋል። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ከሌለው ደግሞ እርጥበት ወደ ላይ ይወጣና ቋሚውን ያበሰብሰዋል። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉና ምርጊቱ በየጊዜው ከታደሰ ቤቱ ዕድሜ አለው።

በጭቃና በእንጨት መሥራት የቆየ ጥበብ ነው፤ በአክሱም ዘመን ድንጋይ በጭቃ እያያያዙ፣ በመሀሉ አግዳሚ እንጨት እያስገቡ ታላላቅ ሕንጻዎች ይሠሩ ነበር።

የአዲስ አበባ ታሪክ ከጭቃ ቤት ታሪክ አይነጠልም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱም ወታደሩም የሠፈሩት በድንኳንና በጎጆ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያው ያለው ደን ተመናመነ። የማገዶና የቤት እንጨት እጥረቱ ስለጠና ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ችግኙን መጀመሪያ ያስመጣው ማን እንደሆነ የተለያየ ነገር ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ናቸው። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ተቆርጦም እንደገና ያቆጠቁጣል። ለቋሚና ለማገር ይመቻል። ቆርቆሮ በባቡር መምጣት ሲጀምር ደግሞ ክቡ ጎጆ ለባለ አራት ማዕዘን ቤት ቦታውን ለቀቀ። የህንድና የአርመን ግንበኞች ባለ በረንዳና ባለ ሰገነት ቤቶችን አስፋፉ። ከእነዚህ ያማሩ ቤቶች ብዙዎቹ ግድግዳቸው ያው የኛው ጭቃ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም ከዚያ መጣ። አብዛኞቹ የጭቃ ቤቶች ናቸው። ኪራዩ በጣም ትንሽ ስለነበር ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፣ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይፈራ ነበር። ቤቶቹ ያዘመሙት በዚህ ነው። ያም ሆኖ ከአዋጁ በፊት ተሠርተው እስከዛሬ የቆሙት ሁሉ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

በኋላ በከተማው ዳር ያለ ፈቃድ የሚሠሩት የጨረቃ ቤቶች በዙ። እነሱም በአብዛኛው የጭቃ ናቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሲሚንቶና በብረት የሚሠራው ኮንዶሚኒየም መጣ።

አፈር ግን ተረስቶ አልቀረም። ብዙ ሰው ሕንጻ ኮሌጅ ብሎ የሚያውቀው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋም በ2002 ዓ.ም. ከዙሪኩ የስዊዘርላንድ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ ድንቅ ቤት ሠርቷል። ስሙ ሱዱ ይባላል። ምድር ቤቱና አንድ ፎቁ የቆሙት በአፈር ነው። የታችኛው ግድግዳ በቅርጽ ውስጥ ተጠቅጥቆ የደረቀ አፈር ነው። ፎቁን የተሸከመው ደግሞ ከአፈር ጠፍጣፋ ጡብ የተገነባ ቅስት ነው። ቅስት ሸክሙን ወደ ጎንና ወደ ታች እየገፋ ስለሚያስተላልፍ፣ ፎቁ የብረት ወይም የእንጨት ተሸካሚ አላስፈለገውም።