የእኛ ሁለት ሰዓት በእንግሊዝኛ ለምን «ኤይት» ሆነ?

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳውን አውቶቡስ ለውጭ አገር እንግዳ «ኢሌቨን» ብለው ቢነግሩት፣ ሰውየው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። መኪናው ያኔ አባይን ተሻግሯል።

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ እንግሊዝኛው ከእኩለ ሌሊት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ስለሆነ በክብ ሰዓት ላይ ትይዩውን ቁጥር ማንበብ ይበቃል፦ የ2 ትይዩ 8፣ የ11 ትይዩ 5። ደቂቃው አይነካም። «ሁለት ተኩል» ማለት «ሃፍ ፓስት ኤይት»፣ «ለሁለት ሩብ ጉዳይ» ደግሞ «ኳርተር ቱ ኤይት» ነው።

ተማሪን የሚያደናግረው፣ በእኔ እይታ፣ ይሄ ሳይሆን «ኤ ኤም» እና «ፒ ኤም» ነው። «ኤ ኤም» ጠዋት ብቻ አይደለም፤ ከእኛ ሌሊት 6 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ያለውን ሁሉ ይይዛል። ዕለቱም የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የምንለው በእነሱ እሁድ፣ «ቱ ኤ ኤም» ይባላል። «ትዌልቭ ፒ ኤም» እኩለ ቀን ነው፤ ይህኛው ባለቋንቋዎቹንም ስለሚያምታታ «ኑን» እና «ሚድናይት» ማለት ይሻላል።