የጨጓራ ካንሰር፣ ክሳትና ዕድሜ፦ ከጎንደር ሲታይ

ጎንደር ውስጥ «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቃር ሲያስቸግር ተልባ ይጠጣል፤ ካልተሻለው ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ይገዛል። አብዛኛው ሕመም እውነትም ካንሰር አይደለም። ግን የጨጓራ ካንሰርም ሲጀምር እንዲሁ ነው፤ ትንሽ ቀምሶ መጥገብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት። ከዚያ ሰውየው ይከሳል፤ ልብሱ ይሰፋዋል። ከደንቢያ፣ ከወገራ ወይም ከመተማ ተነስቶ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚደርስ ታማሚ እስከዚያ ድረስ ብዙ ኪሎ ሊጥል ይችላል።

ክሳቱ ራሱ መታከም አለበት። በሽታቸው እኩል ደረጃ ላይ ካለ ታማሚዎች መካከል በምግብ እጥረት የተጎዱት በአብዛኛው ዕድሜያቸው እንደሚያጥር በብዙ አገሮች ጥናቶች ታይቷል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ቁስላቸው ቶሎ አይድንም፤ ኢንፌክሽን ይበረታባቸዋል፤ ኬሞቴራፒውንም አይችሉትም።

የሚከሱት ስላልበሉ ብቻ አይደለም። ዕጢው ምግብ ማለፊያውን ያጠባል፤ በሽታው የሚቀሰቅሰው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ደግሞ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ጡንቻን ይበላል። ስለዚህ አስታማሚዎች፣ እባካችሁ «እምቢ አለ» ብላችሁ አትቆጡት።

ጉዳቱን ለመለካት ሚዛን ብቻ ብዙ ይናገራል። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በ6 ወር ውስጥ 52 ከገባ 13 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ ከባድ ነው። ሐኪሞች ከደም ምርመራ የሚያሰሉት የምግብ ይዞታ መለኪያም አለ። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን መጠን (ግራም በዴሲሊትር) በ10 ይባዛል፤ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር (በአንድ ማይክሮሊትር ደም) በ0.005 ተባዝቶ ይደመርበታል። አልቡሚኑ 3፣ ሊምፎሳይቱ 1,200 የሆነ ታማሚ 36 ያገኛል። ብዙ ጊዜ ከ45 በታች ሲሆን ያሳስባል። ግን አልቡሚን በብግነትም ስለሚወርድ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም።

ምን ይብላ? በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ፕሮቲን ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ይመከራል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ቢያንስ 50 ግራም ፕሮቲን ነው፤ አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ገደማ ነው። በፔርሙዝ የሚመጣው ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አይበቃም። ወተት፣ የተፈጨ ለውዝ ወይም ቅቤ ሲገባበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። «ግሉኮስ ይሰካለት» የሚል ቤተሰብም ይህን ይወቅ፤ ባለ 5 በመቶ አንድ ሊትር ግሉኮስ 200 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ፕሮቲን የለውም።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በዐቢይ ጾም ወተት ቅመሱ ሲባሉ «ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ?» የሚሉ እናቶች አሉ። ለሕመምተኛ የነፍስ አባት ሊፈቅድ ይችላል፤ እሳቸው አልጋው ድረስ መጥተው የሚናገሩት ቃል ከሐኪም ምክር በላይ ይሰማል። በጾሙ ልጽና ካሉም የሽምብራ ሽሮው ወፈር ይበል፤ ሰሊጥና ለውዝ ይታከልበት።

በጣም የተጎዳ ታማሚ፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ ቀዶ ጥገናው ከ7 እስከ 14 ቀን እንዲዘገይ ተደርጎ በዚያ ጊዜ በአፍ ወይም በቱቦ ቢመገብ ይመከራል። ጨጓራው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ በቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ያስፈልጋል። ስኳር የበዛበት ሻይ ላብና የልብ ምት መፍጠን ሊያመጣ ይችላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን የቫይታሚን ቢ12 መርፌን ነው። ሰውነት ያከማቸው ቫይታሚን ዓመታት ስለሚያቆይ ታማሚው ዳንኩ ብሎ ይተወዋል። እግር መደንዘዝና የደም ማነስ የሚመጡት ቆይተው ነው፤ መርፌው ዕድሜ ልክ ነው።