የጀልባ ሞተር የዘይት ቴርሞስታት አዳፕተር ምንድን ነው?

በሞተሩ ብሎክና በዘይት ፊልትሮው መካከል የሚገባ ክብ የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። ጎኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ በአንዱ ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል። መሀሉን አቋርጦ የሚያልፈው ውስጠ ክፍት ብሎን አዳፕተሩን ከብሎኩ ጋር ያስረዋል፤ ጫፉ ላይ ፊልትሮው ይጠመዘዛል። ውስጡ ሰም የያዘች ቫልቭ አለች። ዘይቱ ሲግል፣ በአብዛኞቹ ላይ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ፣ ሰሙ ቀልጦ ይሰፋና ቫልቩን ይገፋዋል። ያኔ አቋራጩ መንገድ ይዘጋና ዘይቱ በማቀዝቀዣው ዞሮ ይመጣል። ከዚያ በታች ግን አብዛኛው ዘይት ማቀዝቀዣውን ሳይነካ ይመለሳል።

ብዙ ሰው ዕቃውን የሚገዛው ዘይት ለማቀዝቀዝ ነው። የሚያቀዝቅዘው ግን ማቀዝቀዣው ነው፤ የአዳፕተሩ ሥራ ዘይቱ ከልክ በላይ እንዳይቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። ጀልባ ላይ ይህ ከመኪና ይልቅ ያስፈልጋል። የመኪና ዘይት ራዲያተር ብዙውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ሲሆን፣ የጀልባው ግን ከሐይቅ ወይም ከባሕር በሚሳብ ውሃ ነው። ውሃው 20 ዲግሪ ከሆነ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ጀምሮ በዚያው ቅዝቃዜ በማቀዝቀዣው ቱቦዎች ውስጥ ይሮጣል። ጀልባው በዝግታ ሲሄድ ዘይቱ ቀኑን ሙሉ 60 ዲግሪን ላያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ዘይት ውስጥ የገባው እርጥበትና ቤንዚን ተንኖ አይወጣም፤ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጣ ያለ ክሬም መሰል ነገር ይጠራቀማል፣ ብሮንዚናውም (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማስቀመጫ) ያለጊዜው ያልቃል። ውሃውን በቫልቭ አንቆ ለመቀነስ መሞከር ደግሞ ከባድ ስህተት ነው፤ ያው ውሃ ነው ሞተሩንና ማርሚታውን የሚያቀዘቅዘው።

ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ይህ ዕቃ አያስፈልገውም። የሚመለከተው ጀልባው ሆድ ውስጥ የሚቀመጡትን ነው፤ ለምሳሌ በብዙ ጀልባዎች ላይ ያለውን 5.7 ሊትር ቪ8 የሼቭሮሌት ሞተር። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የዘይት ሙቀት ጌጅ ይገጠም። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ሲሠራ ዘይቱ ከ110 ዲግሪ ካልዘለለ ገንዘቡን ማትረፍ ይሻላል። ከመኪና የተፈታ የነፋስ ራዲያተርም ለዚህ አይሆንም፤ የሞተር ክፍሉ ውስጥ ነፋስ የለም።

ሰው የሚሳሳተው በብዛት ፊልትሮው በሚጠመዘዝበት ብሎን ጥርስ ላይ ነው። የዚህ የሼቭሮሌት ሞተር ፊልትሮ ብዙውን ጊዜ 13/16 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 16 ጥርስ ነው። ገበያ ላይ ደግሞ 3/4 ኢንች፣ 20 ሚሊ ሜትር በ1.5 እና 22 ሚሊ ሜትር በ1.5 በብዛት አሉ (1.5 በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ነው)። 13/16 ማለት 20.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 20 ሚሊ ሜትሩ ብሎን ላላ ብሎ የገባ ይመስላል፤ ጥርሱ ግን በደንብ አልያዘም፣ በዘይት ግፊትም ሊነቀል ይችላል። የሚለየው ቀላል ዘዴ አሮጌውን ፊልትሮ በአዳፕተሩ ብሎን ላይ በእጅ ማጠምዘዝ ነው፤ ሳይወዛወዝና ሳይታነቅ እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት። ብሎኑ በብሎኩ በኩል ያለው ጥርስም ለብቻው ይለካ።

ቫልቩን ሳይገጥሙ መፈተን ይቻላል። አዳፕተሩን ከቴርሞሜትር ጋር ውሃ ድስት ውስጥ አድርጎ ቀስ እያሉ ማሞቅና የቫልቯ ፒስተን መቼ እንደምትንቀሳቀስ ማየት ነው። ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በ82 የሚጀምረውን ለማየት ይበቃል፤ 95 ላይ የሚከፈት ቢሆን ግን ሳይንቀሳቀስ ይቀርና ያለጥፋቱ ተበላሽቷል ይባላል።

ሲገጠም ሞተሩ ለብ ብሎ ይጥፋ። ጀልባ ውስጥ ከሥር ዘይት ማፍሰሻ ቦታ ብዙውን ጊዜ ስለማይኖር በዘይት መለኪያው ቱቦ በፓምፕ ይሳባል። ፊልትሮው ሲፈታ ጓርኒሲዮኑ (የጎማ ማሸጊያው) ብሎኩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱ በጣት ይዳሰስ፤ ሁለት ጓርኒሲዮን ተደራርቦ ከታሰረ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱን ይረጨዋል። ቀጥሎ አዳፕተሩና አዲሱ ፊልትሮ ደረቁን ይሞከሩ፤ ፊልትሮው በአዳፕተሩ ውፍረት ልክ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ከጀልባው እንጨት ወይም ከማርሚታው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ቀዳዳዎቹ ሆሱ (ዘይቱን የሚያመላልሰው ቱቦ) ሳይታጠፍ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ይዙሩ። ከዚያ ኦሪንጉ (የአዳፕተሩ ክብ የጎማ ማሸጊያ) ዘይት ተቀብቶ፣ አዳፕተሩ በእጅ ተይዞ፣ ብሎኑ አምራቹ በሰጠው ልክ ይጠበቅ። ፊልትሮው ጓርኒሲዮኑ ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር በእጅ ይበቃዋል።

ሆሱ ሲታሰር ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ አዳፕተሩ ላይ ያለውን መጋጠሚያ ይይዛል፣ ሌላው የሆሱን ዳዶ ያጠብቃል። በአንድ ቁልፍ የሚያስር ሰው አዳፕተሩን ራሱን ያዞረውና ኦሪንጉን ይቆርጠዋል። ኤኤን 10 (AN-10) የሚባለው የሆስ መጋጠሚያ የሚዘጋው በ37 ዲግሪ ሾጣጣው ስለሆነ ቴፍሎን አይጠቀለልበትም። ኤንፒቲ (NPT) የሚባለው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ የቧንቧ ጥርስ ግን ማሸጊያ ይፈልጋል፤ እዚያም ከቴፕ ይልቅ ፈሳሹ ይሻላል፣ የተቆረጠ ቴፕ የዘይት መንገድ ይደፍናልና። ሆሱ ለሞተር ክፍል የተሠራ፣ እሳት የሚቋቋም የዘይት ሆስ ይሁን። ተራ የውሃ ጎማ በፋሼታ ታስሮ የዘይት ግፊት አይችልም።

ማቀዝቀዣው ላይ ዘይቱ ከታች ገብቶ ከላይ ቢወጣ አየሩ አብሮ ይወጣል። ውስጡ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ሆስ በየሜትሩ 0.15 ሊትር ያህል ስለሚይዝ፣ የሆሶቹና የማቀዝቀዣው መጠን በዘይቱ ላይ ይጨመር። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ከመነሳቱ በፊት የክፍሉ አየር ማውጫ 4 ደቂቃ ይሥራ። ማቀጣጠያው ተነቅሎ በሞተሪኖ ግፊት እስኪመጣ ይዙር፣ ከዚያ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፤ ጠፍቶ መጋጠሚያው ሁሉ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ፣ ዘይቱም እንደገና ይለካ።

እውነተኛው ፈተና ውሃ ላይ፣ ሞተሩ ተጭኖ ነው። መጀመሪያ ላይ ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደው ሆስ ለብ ብቻ ይላል፤ አብዛኞቹ አዳፕተሮች ተዘግተውም ጥቂት ዘይት ያሳልፋሉ። ጌጁ 80ዎቹን ሲያልፍ ሆሱ በእጅ የማይያዝ ይሆናል። ዘይቱ እየጋለ ሆሱ ለብ ብቻ ካለ ቫልቩ ተጣብቆ ቀርቷል። ሆሱ ግሎ የዘይቱ ሙቀት ካልወረደ ደግሞ የውሃው በኩል ይታይ፤ ጣና ላይ የእንቦጭ ቁራጭ የውሃ መሳቢያውን ሊደፍን ይችላል። ከማርሚታው በሚወጣው ውሃ ላይ የዘይት ቀለም ከታየ ጥፋቱ የአዳፕተሩ አይደለም፤ ማቀዝቀዣው ውስጡ ተቀዶ ነው። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ውሃው ይወጣል፣ ሲጠፋ ግን ውሃው ወደ ዘይቱ ሊገባ ስለሚችል ማቀዝቀዣው ሳይቀየር ሞተሩ ዳግም መነሳት የለበትም።