ቺንጋው ምን አጠፋ?

«ቺንጋ ቀይርልኝ።» ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ መሄድ እምቢ ባለ ቁጥር ከደንበኞቼ የምሰማው ይህንኑ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈውን የላስቲክ ቀበቶ ማለታቸው ነው። ምርመራው ቤት ውስጥ አልቋል፤ እኔ የተፈለግሁት ብሎን እንድፈታ ብቻ ነው።

ስለ ቺንጋ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ፤ ከቀላሎቹ ልጀምር።

«ማሽኑ ያለው አንድ ቺንጋ ነው።» አብዛኞቹ ቢያንስ ሁለት አላቸው። አንዱ የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮው ያደርሳል፤ ሌላው ምላጮቹን ያዞራል። ማሽኑ እየሄደ ሣሩ ካልታጨደ የመንጃውን ቺንጋ አትንኩት።

«ስፕሬይ ብትነፋበት መንሸራተቱን ይተዋል።» ለጊዜው። ከዚያ አቧራና የሣር ብናኝ ይለጥፍበታል። ግራሶ የሚቀባውንማ ተውት።

«ቁመቱ ከገጠመ የመኪና ቺንጋም ይሠራል።» አይሠራም። ይህ ቺንጋ የሚይዘው በጎንና በጎኑ ነው፤ ስለዚህ ወርዱና የጎኑ አቆራረጥም መግጠም አለበት። የማጨጃው ቺንጋ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ይላላል፣ ሲለቀቅ ይወጠራል። ብዙዎቹ ውስጣቸው የኬቭላር ክር ያለው ይህን እንዲችሉ ነው። የመኪናው አንዴ ተወጥሮ የሚኖር ነው። አሮጌውን በሜትር ለክቶ መግዛትም ያሳስታል፤ ያለቀ ቺንጋ መጠኑን ለቋል። የማሽኑ መመሪያ ላይ ያለውን የዕቃ ቁጥር ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው። «ከተንሸራተተ አልቋል ማለት ነው፤ አዲስ ሲገባ ይድናል።»

ትዕግስቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ቺንጋ ያልቃል፣ አልካድኩም። ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ክሩ ከወጣ ጣሉት። ግን ማን ጨረሰው?

አንድ ደንበኛ በጥቂት ወራት ሦስት ቺንጋ ጨርሶ አራተኛውን ከነላስቲኩ ይዞ መጣ። «ዘንድሮ የሚሸጡት ሁሉ የማይረባ ነው» አለኝ። ቺንጋውን አወጣሁና መወጠሪያዋን ፑሌጃ፣ ማለትም ቺንጋውን ተጭና የምትወጥረውን ተሽከርካሪ ጎማ፣ በጣቴ ገፋ አደረግኋት። ጤነኛ ብትሆን ያለ ድምፅ ትሽከረከር ነበር። ይቺ ግን አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ተንኳኩታ፣ ግማሽ ዙር ሳትሞላ ቀጥ አለች። ኩሽኔታዋ ደርቋል። ቺንጋው በቆመ ብረት ላይ ሲፋቅ ከርሞ ጀርባው ተቃጥሏል። አራተኛውን ባስገባለት ኖሮ አምስተኛውን ይዞ ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ቺንጋ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፤ ጣት አይበቅልም። የቺንጋውን አካሄድ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ መልሳችሁ ስታስገቡ ታመሰግኑኛላችሁ። ከዚያ አውጡትና ፑሌጃዎቹን ተራ በተራ በእጅ አዙሩ። የሚንኳኳ ወይም የሚወላገድ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። መወጠሪያዋን የሚስበው ሞላ ከተለጠጠ ወይም ከማንጠልጠያው ከወጣ ወጣሪ የለም። ፑሌጃዋን የያዘው ክንድ በቆሻሻና በዝገት ተይዞም ይሆናል። የፑሌጃውን ቦይ ዳብሱት፤ የዛገ ቦይ አዲስ ቺንጋን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የቦዩ ወለል ካብለጨለጨ ደግሞ ቺንጋው ወደ ታች ወርዷል፤ ወይ እሱ ወይ ፑሌጃው ተበልቷል። ቺንጋው በአንድ ጎኑ ብቻ ከተተለተለ ፑሌጃዎቹ መስመር ስተዋል፣ ወይም ቺንጋው እንዳይወጣ ከሚይዘው ማቀፊያ ብረት ጋር ይፋተጋል።

አንድ ቀረችኝ። «ሞተሩ እየሠራ ማሽኑ ካልሄደ ቺንጋው ተበጥሷል።» ሃይድሮስታቲክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራ፣ ካምቢዮ ያላቸው ማሽኖች ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ እንዲገፉ ካምቢዮውን የሚለቅ ማንሻ አላቸው። እሱ ካልተመለሰ ቺንጋው አዲስም ቢሆን ማሽኑ ንቅንቅ አይልም። ይህን የተማርኩት ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ ከማሽን ሥር ተጋድሜ ቺንጋ ሳወጣና ሳስገባ ዋልኩ። ባለቤቱ መጣና «ወደ ውስጥ ስንገፋው ይህቺን ስበናት ነበር» ብሎ ማንሻዋን መለሳት። ማሽኑ ሄደ። የዚያን ቀን ሒሳብ አልጠየቅሁም።