«የራሴ ስብ ነው፣ ምን ያደርገኛል?»

ሜሪላንድ ውስጥ የነርቭ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የሰውነት መከላከያ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ነርቮች የሚያጠቃበት ሕመም) ካለባቸው ታካሚዎች አንዷ ሳትጠይቀኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም፦ «ከሆዴ ስብ ወስደው ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል) ቢሰጡኝስ?» መልሱን መድገም ሰለቸኝ። ልጻፈውና ልረፍ።

«ተፈቅዷል» ይላሉ። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ለኤምኤስ የፈቀደው የስብ ስቴም ሴል የለም።

«ጥናቱ በመንግሥት ድረ ገጽ ተመዝግቧል።» ምዝገባ ፈቃድ አይደለም። ሺህ ዶላሮች ከፍለሽ የምትገቢበት «ጥናት» ካጋጠመሽ መጀመሪያ ቦርሳሽን ያዢ። («አንቺ» የምለው ኤምኤስ ሴቶችን ስለሚያበዛ ነው፤ ወንዶች አትቀየሙኝ።)

«ለኤምኤስ ከሚደረገው የመቅኒ ንቅለ ተከላ ጋር አንድ ነው።» አይደለም። እዚያ በከባድ ኬሞ የሰውነት መከላከያው ይመታል፣ ቀድሞ የተወሰደው የደም ስቴም ሴል ደግሞ እንደ አዲስ ይገነባዋል። ስብ ይህን አይሠራም።

አሁን ወደምታናድደኝ ልምጣ። «የራሴ ስብ ነው፣ ምን ያደርገኛል?» ሲመጠጥማ ያንቺ ነው። ከዚያ በኢንዛይም ይፈታል፣ በማሽን ይሽከረከራል፣ ከሥር የቀረው ዝቃጭ በክንድሽ ደም ሥር ይገባል። አብዛኛው ሴል አንጎልሽ ጋ ሳይደርስ ሳንባሽ ላይ ይያዛል። የራስ የሆነ ሁሉ አይጎዳም ያለው ማነው? እግር ላይ የረጋ የገዛ ደም ሳንባ ገብቶ ይገድል የለ እንዴ!

ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት አሮጊቶች ለዓይን ሕመማቸው ከራሳቸው ስብ የተዘጋጀ ሴል በሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ቀን ተወጉ። 5,000 ዶላር ከፍለው። እያዩ ገቡ፤ ታሪካቸው በ2017 በሕክምና መጽሔት ሲወጣ አንዷ ሙሉ በሙሉ ታውራለች፣ ሁለቱም ለዚያው ቀርበዋል። ስቡ የራሳቸው ነበር።

«እገሊት ግን ድናለች።» አውቃታለሁ። ማኅበሩ በጎፈንድሚ አዋጥቶላት ሄደች፣ በሁለት ወሯ ያለ ምርኩዝ ቆመች። እልል አልን። ግን የሚመጣና የሚሄድ ዓይነት ኤምኤስ ካገረሸ በኋላ በራሱም ይረግባል። እሷ ደግሞ «ድኛለሁ» ብላ መድኃኒቷን አቁማ ኖሯል። በክረምቱ ሲያገረሽባት ኤምአርአዩ ላይ አዲስ ጠባሳ ታየ።

በስፔን ከስብ የተባዙ ሴሎችን እየባሰ በሚሄደው ኤምኤስ ላይ ሞክረዋል፤ 30 ሰዎች፣ 19ኙ ሴሉን፣ 11ዱ ባዶ ፈሳሽ ወስደው። ውጤቱ በ2018 ወጣ፦ ከሴሉ የመጣ ከባድ ጉዳት አልታየም፣ ግልጽ ጥቅምም አልታየም። ይህ በጥንቃቄ የተሠራው ነው፤ ከገበያ ማዕከሉ ጎን ያለው ክሊኒክ አይደለም።

ልሂድ ካልሽም መድኃኒትሽን አታቁሚ። ከእኔም አትደብቂ። የሚያስፈርሙሽን ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት ይዘሽልኝ ነይ፣ አብረን እናነበዋለን።