ሴራሚክን በብርሃን መቅረጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዚህ ሙያ የሴራሚክ ዱቄት፣ ብርሃን ሲያርፍበት በሚጠጥር ፈሳሽ (ሬዚን) ይበጠበጣል፤ ከዚያም በአልትራቫዮሌት ወይም በሰማያዊ ብርሃን በስስ በስሱ እየተነባበረ ጥቃቅን ዕቃ ይሠራበታል። ብዙ የሚወራው ስለ ማሽኑ ነው። እኔ ግን የሥራውን ዕጣ የሚወስነው ዱቄቱ ነው ባይ ነኝ።

«ብርሃኑ ሴራሚኩን ያጠነክረዋል።» አያጠነክረውም። የሚጠጥረው ሬዚኑ ብቻ ነው፤ ዱቄቱ በውስጡ ታቅፎ ይቀራል።

«ነጭ ዱቄት ብርሃንን ስለማይውጥ ያሳልፈዋል።» ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ነጭ ዱቄት ብርሃንን ባይውጠውም በየአቅጣጫው ይበትነዋል። የሚበትነውም በዱቄቱና በሬዚኑ መካከል ባለው የብርሃን ስብረት መጠን (ብርሃንን የማጉበጥ አቅም) ልዩነት ልክ ነው። የሬዚኑ የስብረት መጠን 1.5 ገደማ ነው፤ ከሴራሚክ ዱቄቶች የሲሊካ 1.46፣ የአሉሚና 1.77፣ የዚርኮኒያ ደግሞ 2.2 ያህል። ብርሃኑ የሚዘልቀው ጥልቀት በልዩነቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ ዚርኮኒያ ከአሉሚና ሰባት እጥፍ ያህል ያስቸግራል። ሲሊካ ግን ሬዚኑ ውስጥ የሌለ ያህል ነው። ጥቁሩ ሲሊከን ካርባይድ ከመበተኑም በላይ ብርሃኑን ይውጠዋል።

«ብርሃኑን ማብዛት ነው።» የሚጠጥረው ጥልቀት የሚያድገው በሎጋሪዝም ነው። የብርሃኑ የመዝለቂያ ልክ 50 ማይክሮሜትር በሆነበት ድብልቅ፣ የብርሃኑ መጠን በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የሚገኘው ትርፍ ሁልጊዜ 35 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ወደ ጎን የተበተነው ብርሃን ግን መስመሩን ያሰፋዋል፤ ክፍት መሆን የነበረበት ቀጭን ቀዳዳ ይጠብባል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይደፈናል።

«ዱቄቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል።» እዚህ ላይ እውነትነት አለው። ከይዘቱ ግማሹ ዱቄት የሆነ ዕቃ በእሳት ተጋግሮ ሙሉ በሙሉ ሲጠቀጠቅ ርዝመቱ 20 በመቶ ያህል ያጥራል፤ 10 ሚሊሜትር የነበረው 8 ይሆናል። ዱቄት መጨመር ይህን ይቀንሳል፣ ነገር ግን ድብልቁ ይወፍርና ስስ ሆኖ መዘርጋት ያቅተዋል።

«ከማሽኑ ሲወጣ አለቀ።» ገና ነው። ሬዚኑ በዝግታ ተቃጥሎ መውጣት አለበት፤ ከተቸኮለ የታፈነው ጋዝ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። አሉሚና ከዚያ በኋላ 1600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መጋገር ይቀረዋል።

«ያለ ዱቄት አይሆንም።» በ2016 በካሊፎርኒያ የኤችአርኤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ሲሊከን ካለበት ሬዚን ብቻ ዕቃ ቀርጸው፣ በ1000 ዲግሪ ወደ ሴራሚክ ለውጠውታል። የሚበትን ቅንጣት ስለሌለ ብርሃኑ እንደልቡ ያልፋል። ሆኖም ዕቃው በ30 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ ጋዙም መውጫ ስለሚፈልግ ዘዴው ለስስ ግድግዳ እንጂ ለወፍራም ጥፍጥፍ አይሆንም።